በመኪኖች መካከል የተዘረጋች እግር

ሰውዬው ሲበዛ ፈሪ ነው። ይህን የሚያውቀው ግን ራሱ ብቻ ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ ሕግ አክባሪ ስለመሰላቸው «አንቀጽ» ብለው ሰየሙት። ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሚሠራበት ወርክሾፕ ሳጥን እየተቀበለ ለየጥርስ ሐኪሙ በሞተር ሲያደርስ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶታል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሳይፈራ ሞተር ያስነሳበት አንድ ጠዋት የለም።

ፍርሃቱን የሸፈነለት ሕጉ ነው። በመኪኖች መካከል ሰንጥቆ ማለፍ በከተማ መንገድ ይፈቀዳል፤ እሱም መኪኖቹ መብራት ይዟቸው ከቆሙ፣ መስመሩ የተቆራረጠ ከሆነና ሞተሩ በሰው እርምጃ ከሄደ ነው። መኪኖቹ ከተንቀሳቀሱ ግን ክልክል ነው። ድልድይ ላይም እንደዚያው። በፈጣን መንገድ ላይማ ቆሙም ሄዱም ጨርሶ አይታሰብም። ሌሎቹ ሞተረኞች ሲሾልኩ አንቀጽ ከመኪና ኋላ ተሰልፎ ይቆማል፤ ምነው ሲሉት ሕግ ይጠቅሳል። ማን ይከራከረዋል!

ጣጣው የመጣው ታናሽ እህቱ እዚያው ሥራ የገባች ጊዜ ነው። መንዳት ያስተማራት እሱ ነው። እንግዲህ ለታናሽ እህት ፈሪ ነኝ ይባላል? ደረቱን ነፍቶ፣ ሕጉን ካወቅሽ የሚያስፈራ ነገር የለም አላት። እሷም አመነችው። ሞተረኞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትንም አሳያት። መኪና መሀል ተገብቶ እጅ ከመሪው ስለማይለቀቅ ንግግሩ በእግር ነው። ከፊት ያለው ቀኝ እግሩን ከዘረጋ ጉድጓድ አለ ማለት ነው፤ ግራውን ከዘረጋ ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ አለና ቶሎ ሰልፍ ግቡ ማለት ነው። የግራ እግር ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ እንዳዩት መግባት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ወደ አንድ ትልቅ ክሊኒክ ሳጥን ሳጥን ይዘው ወጡ። መብራቱ ላይ መንገዱ ጥቅጥቅ ብሏል። መኪኖቹ ቆመዋል፣ መስመሩ የተቆራረጠ ነው፣ እህቱ ከኋላው ትጠብቃለች። የሚጠቅሰው አንቀጽ ቢያጣ ጊዜ መኪኖቹ መሀል ገባ፤ እህቱም ተከተለችው። በግራው አውቶቡስ፣ በቀኙ የጭነት መኪና፤ ስፖኪዮው ክንዱን ሊነካው ምንም አልቀረው። ላቡ ሄልሜቱ ውስጥ ይንቆረቆራል። እንደምንም ብሎ አውቶቡሱን ሲያልፍ፣ ከአውቶቡሱ ጀርባ ተሸፍኖ የነበረው ምልክት ብቅ አለ፤ ፈጣን መንገድ እዚህ ይጀምራል ይላል። ቁልቁል ቢያይ መስመሩ ድፍን ሆኗል። ያን ጊዜ መኪኖቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ።

ያ ሁሉ የሸመደደው ሕግ ከጭንቅላቱ ብን ብሎ ጠፋ። የሚወድቅ ስለመሰለው መሬት ልርገጥ ብሎ እግሩን ዘረጋ፤ የዘረጋው ደግሞ ግራውን ነው።

ከኋላው ክላክስ ጮኸ፣ ፍሬን ሲጢጥ አለ፣ ከዚያ የብረት ድምፅ ተሰማ።

ዞሮ ማየት አልቻለም። በፈጣን መንገድ ላይ መቆም የለ፣ መመለስ የለ፤ መኪኖቹ መሀላቸው አስገብተው ይዘውት ሄዱ። እስከ መውጫው ያለችውን ያቺን አጭር መንገድ ሲነዳ «ገደልኳት፣ ገደልኳት» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም። ለእናታቸው ምን ብሎ ይነግራታል? መውጫው ላይ ሞተሩን ጥሎ፣ የመንገዱን ጥግ ይዞ በእግሩ ወደ ኋላ ሮጠ።

መጀመሪያ ያየው ጥርስ ነው። አስፋልቱ ላይ ነጫጭ ጥርስ ከነድዱ ተበትኗል። ተንበርክኮ አንዱን አነሳ፤ የእሷ መስሎታል። ሲያገላብጠው የወርክሾፑን ቁጥር አየ፤ ሳጥኑ ትዝ ያለው ገና ያኔ ነው። ምስኪን፣ ስንቱን ጥርስ ተሸክሞ ሲዞር ኖሮ እንዲህ ያስፈራው የለም።

ሞተሯ የጭነት መኪናው ሥር ገብቷል። እሷ መንገድ ዳር ተቀምጣለች፤ ክርኗ ተልጧል፣ ሱሪዋ ተቀዷል፣ ግን በሕይወት አለች። የጭነት መኪናው ሹፌር አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ውኃ ያጠጣታል፤ እሱም ፊቱ አመድ መስሏል። እህቱ ወንድሟን ስታይ ቀና አለች። እግሩን አይታ ወዲያው ከጭነት መኪናው ፊት እንደታጠፈች፣ ከዚያ ሞተሯን ለቃ መዝለሏን ብቻ እንደምታስታውስ ነገረችው።

«ጋሼ፣ ትራፊኩ የታለ?» አለችው።

ውሸቱ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። አሁን ሄደ ቢላት ታምነዋለች። የተላጠ ክርኗን አየና አልሆንልህ አለው።

«ትራፊክ አልነበረም። ፈርቼ ነው የዘረጋሁት» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስፈራ ነው የኖርኩት።»

ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን የውኃውን ጠርሙስ ለሹፌሩ መለሰችና ያን ጊዜ ነው ለቅሶዋ የመጣው።

«እኔ ብቻ የምፈራ መስሎኝ እኮ ነው ያልነገርኩህ» አለችው።