ጥርሱ ያልተሰበረው ካሴት

ካሴት ጥርስ አለው። በጠርዙ በኩል ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት፤ አንዱ ለፊቱ፣ አንዱ ለጀርባው። ጥርሱ ከተሰበረ ቴፑ መቅዳት እምቢ ይላል፤ ያለው ድምፅ ባለበት ይኖራል። ካልተሰበረ ግን ማንም በላዩ ላይ የፈለገውን ይቀዳበታል። ጂማ ሂርማታ ገበያ አጠገብ በነበረችው የወንድሜ ካሴት ቤት የትኛው ጥርስ እንደሚሰበር የምወስነው እኔ ነበርሁ።

ቤቲቱ የአባታችን ልብስ ስፌት ቤት ነበረች። አባታችን ሲሞት የስፌት መኪናዋ ተሸጠች፣ መቁረጫ ጠረጴዛው ቀረ። ወንድሜ ጠረጴዛው ላይ አንድ የሸክላ ማጫወቻና ሁለት ቴፕ ደረደረ። ጨርቅ ይቀመጥበት የነበረው ሳጥን ውስጥ ደግሞ ሃያ ሦስት የፈረንጅ ሸክላዎች ነበሩ። ወንድሜን እንግሊዝኛ ያስተማረው ፈረንጅ አብዮቱ ሲመጣ ወደ አገሩ ሲመለስ ጥሎለት የሄዳቸው ናቸው። እንጀራችን የሚወጣው ከአማርኛና ከኦሮምኛ ዘፈን ነበር። ሸክላዎቹን የሚያስቀዱት ጥቂት የኮሌጅ ተማሪዎችና አንድ የአጋሮ ቡና ነጋዴ ብቻ ነበሩ። ነጋዴው "ወላሂ፣ እኔ አንድም ቃል አይገባኝም። መኪናዬ ግን ዳገት ላይ ይሄን ካልሰማች አትወጣም" ይል ነበር።

በካሴቶቹ ላይ የባንድ ስም አንጽፍም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር የአብዮት ጥበቃን ዓይን ይስባል፤ "የኢምፔሪያሊስት ባህል" ከተባለ ደግሞ የሚያስከትለውን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ከአንድ እስከ ሃያ ሦስት ቁጥር ሰጠናቸው። ዛሬ የአብዛኞቹን ስም አውቃለሁ፤ ለእኔ ግን አሁንም ቁጥር ናቸው።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በሃያ ዓመቴ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ከእናቴ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ። ወንድሜ በአራት ዓመት ያንሰኛል፤ እሱ ደብተር ይዞ ሲወጣ እኔ እንስራ ይዤ እወጣ ነበር። ከዘመቻው በኋላ የማታ ትምህርት ገባሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ቃል አያባክንም። መጻፍ እንደቻልሁ መጀመሪያ የጻፍሁት ስለ ሸክላዎቹ ነው።

ደብተሩ አሁንም አለኝ። ቁጥር አራት፦ "ሁለት ጊታሮች አሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ጥያቄውን ሳይሰማ ይመልሳል። ዘፋኙ ባይኖር ይሻል ነበር።" ቁጥር ዘጠኝ፦ "ጊታሪስቱ ፈጣን ነው። የአባቴ ስፌት መኪናም ፈጣን ነበረች፤ እሷ ግን መጨረሻ ላይ ሱሪ ታወጣለች።" ቁጥር አሥራ አንድ መድረክ ላይ የተቀዳ ነው፤ ሩብ ሰዓት ሙሉ ከበሮ ብቻ ይደበደባል፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል። "እኛም ስብሰባ ላይ የምናጨበጭበው እንዲህ ነው" ብዬ ጽፌ ፈራሁና ሰረዝሁት። ከስርዙ ሥር ዛሬም ይነበባል።

ሳጥኑ ውስጥ የፈረንጅ መጽሔቶችም ነበሩ። አንዱ ላይ አንድ ፈረንጅ መድረክ ላይ ጊታሩን ሲሰባብር ያሳያል። ያንን ሰው ይቅር ብዬው አላውቅም። እኛ ዘንድ አንዲት ጊታር ለሦስት ቀበሌ ነበረች።

ከሁሉም የምወደው ቁጥር አሥራ ሰባትን ነው። "አንድ ድምፅ ይይዝና ክሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሊደርስበት ጥቂት ሲቀረው ይተወዋል። የቀረውን ሰሚው ይሞላዋል። ይህ ሰው ኀዘን ያውቃል፤ አይነግድበትም።" ባዶ ካሴት ብርቅ ስለነበረ፣ ሸክላዎቹ በመጫወት ብዛት እንዳያልቁ ብለን ከቀዳናቸው ውስጥ ጥርሳቸውን የሰበርሁት ስድስቱን ብቻ ነው። የቀሩት ደንበኛ ሲመጣ ይደመሰሳሉ። ወንድሜ በዚህ ምክንያት "ሳንሱር" ይለኝ ነበር።

እሱ በቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር ይጫወታል። ጠዋት ስለ ምርት ዘመቻ የሚዘፈነውን ያጅባል፣ ከሰዓት በኋላ ጊታሯን ይዞ ወደ ካሴት ቤት ይመጣና በሩን ገርበብ አድርጎ አሥራ ሰባትን ይለማመዳል። አባታችን የሰፋለትን ቤልቦተም እናቴ እግሩን ቆርጣ አጥብባዋለች፣ አፍሮውንም ራሱ ተላጭቶታል። ከዚያ ሁሉ የቀረው ጊታሩ ብቻ ነበር።

"እሺ ሳንሱር፣ ያልፋል?"

"ትኮርጃለህ።"

"ማንን?"

"አሥራ ሰባትን። አምና አራትን ነበር። ያንተ የሆነ ነገር እስካሁን አልሰማሁም።"

"አንቺ እኮ በትንሣኤ ቀን መልአኩን 'መለከትህ ቅኝቱ ወርዷል' ሳትይው አትነሺም።" ክሩን እያላላ ሳቀ። "አንድ ቀን የራሴን አመጣልሻለሁ። እሱንም ካላሳለፍሽው ጊታሩን አቆማለሁ።"

"አምጣ" አልሁት።

ቀልድ አልነበረም። ሌላው ሰው ሁሉ ያመሰግነው ነበር፤ እሱ የሚጠብቀው የእኔን ነው። እኔም ይህን አውቅ ነበር።

ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ወንድሜ ሊሙ ገነት ቡና ለቀማ ዘምቶ ነበር። ሲመለስ ስሙ የቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ጠበቀው። ጣቶቹ ከለቀማው እንደጠቆሩ ሄደ። ጊታሯ የቀበሌ ስለሆነች ለቀበሌ ተመለሰች።

በዚያን ጊዜ ከሰሜን የሚመጣው ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ካሴት ነበር። ወታደሩ ድምፁን ይቀዳና ለፈቃድ በሚመለስ ጓደኛው ይልካል። እናቶች በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ እኔ እያመጡ "አሰሚኝ ልጄ" ይሉኛል። ወንድሜ በሄደ በስምንተኛው ወር የእኛም መጣ።

ፊቱ ላይ ድምፁ ነበር። "ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ፣ እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ" ብሎ ጀመረና ጎረቤቱን አንድ በአንድ እየጠራ፣ ላማችንንም ሳይቀር ሰላም አለ። መጨረሻ ላይ "ጀርባው የሳንሱር ነው" አለ።

ጀርባውን ብቻዬን ሰማሁት። ጊታር ነው። ቅኝቱ ወርዷል፣ አንዱ ክር እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል። ይመታል፣ ያጠብቃል፣ ደግሞ ይመታል። አጠገቡ አንድ ሰው ያስላል። ግማሽ ደቂቃ ሰምቼ አጠፋሁት። ያልተቃኘ ጊታር ያመኛል፤ ሌላ ቀን፣ ልቤ ሲረጋ፣ እሰማዋለሁ ብዬ ነበር። ደብተሬ ላይ ምንም አልጻፍሁም። የፊቱን ጥርስ ሰበርሁ፣ የጀርባውን ተውሁት።

"ጀርባው ላይ ምን አለ?" አለች እናቴ።

"ባዶ ነው እማ።"

እናቴ በየእሁዱ እየመጣች ፊቱን ትሰማ ነበር። የሊሙ ልጅ ስለሆነች ሲከፋትም ሲደላትም ኦሮምኛዋ ይቀድማል። ለቴፑ መልስ ትሰጠዋለች፦ "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ላሟ ደህና ናት፣ ወልዳለች።" አንድ ቀን "ጀርባው ባዶ ከሆነ ለምን መልሳችንን ቀድተን አንልክለትም?" አለችኝ። "መንገድ ላይ ከጠፋ ፊቱንም እናጣዋለን" ብዬ መለስኋት። አመነችኝ።

በዚያው ክረምት አንድ የኮሌጅ መምህር፣ ዝናብ ካፖርቱን እየነከረው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሸክላ ይዞ ገባ። የአሥራ ሰባቱ ጊታሪስት የቀድሞ አልበም ነበር። ከመጽሔቶቹ በአንዱ ላይ መዝገበ ቃላት ይዤ ስለ እሱ አንብቤ፣ አራት ዓመት ስጠይቅ፣ ሳስጠይቅ የኖርሁት ነው።

"ነገ ጠዋት በአውቶቡስ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ እህቴ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያንቺ ነው" አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

ባዶ ካሴት አልነበረም። ወሩን ሙሉ ከከተማው ጠፍቶ ነበር። ሊደመሰስ የሚችለው ሁሉ ለደንበኛ ወጥቷል። የቀሩት ጥርሳቸውን የሰበርኋቸው ስድስቱ ናቸው። የጥርሱ ቀዳዳ ላይ ወረቀት ቢወተፍ እነሱም ይቀዳባቸዋል፤ እኔ ግን አንዴ የፈረድሁትን መሻር አልወድም። መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለ። የወንድሜ ካሴት ጀርባ ጥርሱ አልተሰበረም።

እሱን ቴፑ ውስጥ ከተትሁና፣ የካሴት ጀርባ ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ፣ የአልበሙን ሁለተኛ ገጽ መረጥሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ሲያልቅ ቴፑን አላቆምሁም። ልማዴ ነው፤ ከአዲሱ ኋላ የድሮው ድምፅ ብቅ ሲል ከቀሚስ ሥር እንደሚታይ የውስጥ ጉርድ ያሳፍረኛል። ድምፁን ዜሮ አድርጌ የቀረውን አሥር ደቂቃ እስከ መጨረሻው ዝምታ ቀዳሁበት። ወንድሜ ይህን ሲያይ "ካሴት ታጥቢያለሽ እንዴ?" ይለኝ ነበር።

ስለ አልበሙ ሁለት ገጽ ጻፍሁ። ቁጥር ሃያ አራት አልሁት። ከወንድሜ ከዚያ ወዲያ ምንም አልመጣም።

ዓመት ከመንፈቅ ካለፈ በኋላ አንድ እግሩን ያጣ ወጣት በክራንች እየተራመደ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለው ቤታችን መጣ። ቁጭ በል ስንለው አልቀመጥ አለ፤ ቆሞ ነገረን። ድንኳን ተተከለ። በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ ወታደሩ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

"ሳንሱር አንቺ ነሽ?"

"ነኝ።"

"ገና ስገባ አውቄሻለሁ። ፊትሽ ማኅተም ይመስላል ብሎኝ ነበር።" ፈገግ ሊል ሞከረ። "ጀርባውን ሰማሽው?"

የነጠላዬን ጫፍ አጣጠፍሁ።

"የሚያስለው እኔ ነኝ። ከክፍላችን ኪነት የተዋሰው ጊታር ክር ተበጥሶበት በሜዳ ስልክ ሽቦ ነው የተካው፣ አልቃኝ ብሎት መከራውን ሲያይ ይሰማል አይደል? 'ያንን ደምስሰውና ሲስተካከል ጀምር' ስለው፣ 'የለም፣ እሷ ከመነሻው ካልሰማች አታምንም' አለኝ። ከዚያ የተጫወተውን ግን... እኔ ዘፈን አላውቅም። ምሽጉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን አቆመ። የማን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ 'የራሴ ነው' አለኝ። መጨረሻ ላይ ሳቀና 'እሺ ሳንሱር፣ ያልፋል?' አለ። ፖስታ በመጣ ቁጥር ይጠይቅ ነበር። ምን ብለሽ ጻፍሽለት?"

"ያልፋል አልሁት።"

ክራንቹን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ። "እንግዲያው አልደረሰውም" አለ።

ድንኳኑ ሲነሣ ካሴት ቤት ገብቼ ጀርባውን ከአልበሙ ማለቂያ ጀምሬ ከፈትሁት። ምን እንዳለበት አውቃለሁ፤ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ቢሆንም አሥሩን ደቂቃ ቆሜ ሰማሁ። አንዲት ቀን እንኳ እጄ ሰንፎ ቢሆን፣ አንዲት ቀን ቴፑን ቶሎ አጥፍቼው ቢሆን ብዬ። ዝምታው ንጹሕ ነበር። ምንም አላመለጠኝም።

በቀጣዩ እሁድ እናቴ መጥታ ፊቱን ሰማች። መልስ አልሰጠችውም። ሲያልቅ "ጀርባው ባዶ ነው ብለሽኛል" አለች። "ልናገርበት።" ካሴቱን ገልብጬ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫንሁላት። "ኢልማ ኮ" አለች፣ ሌላ ቃል አልወጣትም። ካሴቱ እስኪያልቅ ቴፑ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አልበሙም እንዲሁ ጠፋ።

አልበሙ ግን ጥሩ ነበር። ስለ እሱ የጻፍሁትን ዛሬ ባነበው አንድ ቃል አልለውጥም። ከእሱ ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ "ቁጥር ሃያ አምስት" ብዬ ጽፌአለሁ። ከሥሩ ያለው አንድ መስመር ነው፦ "ግማሽ ደቂቃ ሰማሁ። ቅኝቱ ወርዶ ነበር።" የቀረው ገጽ ባዶ ነው። ወታደሩ የነገረኝን ልጨምርበት ብዙ ጊዜ ብዕር አንሥቻለሁ፤ ነገር ግን ያልሰማሁትን ጽፌ አላውቅም።