ቀኑን ብቻ

ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ወዳለው የአስተዳደር ቢሮ በሄድኩ ቁጥር አንድ አበሻ ሽማግሌ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ኮታቸው ያረጀ ነው፤ ግን ሁሌም ተተኩሶ ነው የሚለበሰው። ዛሬም ጸሐፊዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «ኬሾ» አለቻቸው፤ ነገ ይመለሱ ማለቷ ነው። «አሳንቴ» ብለው አመሰገኑና ተመልሰው ተቀመጡ።

ጉዳያቸውን ጠየቅኳቸው።

«ደጄ ላይ ያለውን ዛፍ ለመንገድ ሥራ ሊቆርጡት ቀይ ቀለም ቀብተውታል። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እሷ የተከለችው ነው።»

«እንዳይቆረጥ ነው የሚለምኑት?»

«አይ ልጄ፣ መቆረጡስ አይቀርም። ቀኑን ቢነግሩኝ ያን ዕለት ከቤት ልውጣ ብዬ ነው።»

«የት ይሄዳሉ?»

ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ሲያዟዙሩ ቆዩና፣ «እሱን እንኳ አላሰብኩበትም» አሉኝ።