አባባና የዩጋንዳ ቺምፓንዚዎች

«ዕድሜዬን ሙሉ ከማሽላዬ ሳባርረው የኖርኩትን ዝንጀሮ፣ አንቺ በአውሮፕላን ሄደሽ ልትፈልጊው ነው?»

አባባ ናቸው፣ ዛሬ ጠዋት አምባሰል ቤታቸው ደጃፍ ላይ።

ከባለቤቴ ጋር ዩጋንዳ ሄደን፣ ጫካ ገብተን ቺምፓንዚ ለማየት እያቀድን ነው። ያለ አባባ ዱዓ ደግሞ እግሬን አላነሳም። (ባለቤቴ «አንቺው ንገሪያቸው» ብሎ ሐይቅ ከተማ ቀርቷል።)

«ዝንጀሮ አይደለም አባባ፣ ቺምፓንዚ ነው» ብዬ በስልኬ ቪዲዮ አሳየኋቸው። እናትየዋ ልጇን አዝላ ዛፍ ስትወጣ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ።

«ጉንፋን የያዘው ሰው እንዲጠጋቸው አይፈቀድም። የኛ በሽታ ይጋባባቸዋል» አልኳቸው።

«ወላሂ? እንደ ሰው ያማቸዋል?»

«ያማቸዋል። ሊሞቱም ይችላሉ።»

ይሄኔ የመንገዱ አቧራ ነው መሰለኝ፣ አሳለኝ።

አባባ ኮስተር ብለው አዩኝ። «ይሄ ሳል ሳይለቅሽ ንቅንቅ እንዳትይ! የዚያችን እናት ልጅ ልትፈጂባት ነው?»

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። «አላህ በሰላም ያመላልስሽ» የሚለው ለእኔ ነበር። የቀረው ረጅሙ ዱዓ በሙሉ ለቺምፓንዚዎቹ ጤና ሆነ።

እኔ ከጎናቸው ቆሜ «አሚን» እያልኩ ሳቄን ዋጥኩ።

እናንተስ እንዲህ ያለ ጉዞ ስታስቡ ቤተሰብ ምን አላችሁ? እስቲ አጫውቱን።