የእጥፋት ልክ

ነጋዴዋ ሐሊሜ ለሱቋ የማር መያዣ ሣጥን ልታሠራ ሰቆጣ ካለ አንድ ብረታ ብረት ቤት ስትገባ፣ ሠራተኛዋን ላፕቶፕ ላይ አቀርቅራ አገኘቻት። የሣጥኑን ልክ ስትነግራት፣ ገና ያልታጠፈ ላሜራ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ። ሴትዮዋ ግን ለመቁረጥ አልቸኮለችም። ሣጥኑ ከሚሠራበት ላሜራ ቁራጭ ወስዳ አጠፈችና ለካች፤ ያገኘችውንም ልክ ለኮምፒዩተሩ ሰጠችው።

«ላሜራ ሲታጠፍ ይለጠጣል» አለች ቀስ ብላ። «ያን ካላሰቡለት ጫፍና ጫፉ አይገናኝም። ባለቤቴ ነው ያስተማረኝ።»

ሐሊሜ ልብሷን አየች። ሠራተኛዋ የለበሰችው የወንድ ቱታ ነው፤ እጅጌው ጣቶቿን እየሸፈነ ያስቸግራታል።

«እንዲህ ልክ እያወቅሽ፣ ምነው ይሄን እጅጌ ሳታሳጥሪው ቀረሽ?»

ሴትዮዋ ወደ መንገዱ ተመለከተች።

«ሲመለስ ያጥረዋላ።»