ፍለጋ የሚያበቃበት

ጎረቤታችን የሂሳብ መምህር ነበሩ። ቤታቸው ከካራ መንገድ ከፍ ብሎ ጋራው ሥር ነው፤ በክረምት ጉሙ እስከ በራቸው ይወርዳል። አንድ ልጃቸው በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ሁለተኛው ክረምት ገብቶ ነበር።

ጋዜጠኛ ስለሆንኩ አጣርቼ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ጋዜጣችን ድል እንጂ ሟች አይጽፍም፤ ስለዚህ በእግሬ ዞርኩ። ሆስፒታል ሄድኩ፣ ከግንባር የተመለሱ ቁስለኞችን አነጋገርኩ። ክፍለ ጦሩ ክፉኛ መመታቱን ነገሩኝ። ልጁ ሲወድቅ ያየ ግን አላገኘሁም።

የዕድሩ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ ለመርዶ ተነሡ። አንድ እሁድ ማለዳ እኔንም ይዘው ሄዱ። ሽማግሌ በማለዳ ሲመጣ ለምን እንደመጣ ማንም ያውቃል። መምህሩ በር ላይ አዩን። አስገብተው አስቀመጡንና ግድግዳው ላይ ወዳለው ጥቁር ሰሌዳ ዞሩ። 999983 የሚል ተጽፎበታል።

«ከሚሊዮን በታች የመጨረሻው ብቸኛ ቁጥር ነው» አሉ። «ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም።»

«በምን አወቁ?» አልኩ።

«ፈልጌ አጣሁ።»

«እኛስ ፈልገን አጣን አይደል እንዴ፣ መምህር!» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«አይገናኝም። እዚህ ፍለጋው የት እንደሚያበቃ ይታወቃል። ከሺህ የሚበልጥ አካፋይ ቢኖረው፣ አብሮት የሚባዛው ጥንዱ ከሺህ ያንሳል። ከሺህ በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ሞከርኳቸው። መጨረሻ ላይ ለ997 አካፈልኩት፤ 989 ተረፈ። በቃ፣ ከዚህ ወዲያ አልፈልግም።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ እስከ የት ጠየቅህ?»

ነገርኳቸው።

«የተማረኩትንስ?»

«እነሱ በወዲያኛው ወገን እጅ ናቸው፣ ጋሼ። መጠየቅ አይቻልም።»

«እንግዲያው አልጨረስክም።»

ባለቤታቸው ከጓዳው በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። «የሱ ፍለጋ ማለቂያ የለውም» አሉ። «እኔ ግን ደከመኝ። የመጣችሁበትን ተናገሩ፣ ላልቅስበት።»

ሽማግሌዎቹ እኔን አዩኝ። አንድ ቃል ነበር የሚጠብቁት።

«መሞቱን አላውቅም» አልኩ። «መኖሩንም አላውቅም።»

«ይህን ልትል ነው አብረኸን የመጣኸው?» አሉኝ ውጭ ስንወጣ። ዝናብ ጀምሮ ነበር። ድንኳን አልተተከለም።

በሚቀጥለው ሳምንት እትዬ ጥቁር ለብሰው ወደ ገበያ ሲወርዱ አየኋቸው። ያረዳቸው ሰው አልነበረም። መምህሩ በዚያው ቡናማ ኮታቸው ትምህርት ቤት ይመላለሳሉ። ጎረቤቱ እትዬን ለብቻቸው ሲያገኛቸው «እግዜር ያጽናዎት» ይላል፤ መምህሩን ሲያገኝ «ወሬ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱን አንድ ላይ ያገኘ ግን የሚለው ይጠፋውና አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል።