የደብተሩ አናት ጥያቄ

ሰውየው አዋሳ መናኸሪያ ያለው የብርቅዬ ሻይ ቤት ሲመጣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ አይቀመጥም። በዚያ ሙቀት የኮቱን እጅጌ እስከ መዳፉ ስቦ፣ ደብተሩ አናት ላይ አንድ ጥያቄ ይጽፋል። ከዚያ ተሳፋሪውን እያየ ገጹን ይሞላል። ብርቅዬ የአብዮት ጥበቃ ጆሮ ጠቢ እየመሰላት፣ ሻዩን አስቀምጣለት ቶሎ ዞር ትል ነበር። ዛሬ ብርጭቆ ስታነሳ ጥያቄውን አነበበችው፤ «ማን ላከህ?» ይላል።

«ስለኛ ነው የሚጽፉት?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ልብ ወለድ ነው፣ እታለም። ከአንድ ጥያቄ እነሳና መልሱን እፈጥራለሁ።»

«ጥያቄውንም ይፈጥሩታል?»

ሰውየው በሩን አየና የእጁን አንጓ ጠባሳ በእጅጌው ሸፈነ።

«እሱን እንኳ አልፈጠርኩትም። ሁለት ዓመት ሙሉ እስር ቤት ሲጠይቁኝ የኖሩት ነው።»