የፍልሰታ ወተት

ቡራዩ ላይ ክረምት መግባቱን ቀድሞ የሚነግረኝ የልጄ ደረት ነበር። ሰማዩ ገና ሳይጠቁር፣ ከገፈርሳ በኩል ያ ቀዝቃዛ ነፋስ መምጣት ሲጀምር አፍንጫው ይዘጋል። ጉንፋኑ ውሎ ሳያድር ወደ ደረቱ ይወርድና ሲተነፍስ ሲር ሲር ይላል። ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፣ ሽሮፕ ይሰጡናል፣ ይሻለዋል፣ ወሩ ሳይሞላ ደግሞ እንመለሳለን። አንድ ክረምት ሳንባ ምች ሆኖበት ሆስፒታል አስተኝተውት፣ ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ሲያደርጉለት ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ነሐሴ በመጣ ቁጥር የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኝ ነበር። ያለኝ አንድ ልጅ ነው።

እኔና ባለቤቴ የሱቅ ሰዎች ነን። ወላጆቻችን ከስልጤ አገር ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እኛ የተወለድነው ቡራዩ ነው። ከአጥራችን ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ግን ከአስፋልቱም ከሱቁም በፊት የነበሩ፣ ክርስቲያን ገበሬዎች ናቸው። ሴትየዋ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል፤ ያኔ የሚታለቡ ላሞች ነበሯቸው። በአፌ አንቱ እላቸዋለሁ። በሆዴ ግን ብዙ ቀን አንቺ ብያቸዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ጤና ጣቢያ ነው። ነርሷ ስንመላለስ ማየት የሰለቻት መሰለኝ፣ ይሄ ሁሉ አንቲባዮቲክ የልጁን ሆድ ሳያዛባው አይቀርም አለችኝ። ሆድ ውስጥ ለጤናችን የሚሠሩ በዓይን የማይታዩ ነገሮች አሉ፣ መድኃኒቱ ክፉውንም ደጉንም አብሮ ይጠርጋል፣ እንደ እርጎ ያለ ምግብ ደጎቹን ይመልሳል፣ ሆዱ የተስተካከለለት ልጅ ደግሞ ጉንፋንን የተሻለ ይቋቋማል ብላ አስረዳችኝ። ግን መድኃኒት ነው አላልኩሽም፣ ትኩሳት ካለውና ትንፋሹ ከፈጠነ እርጎ እያጠጣሽ ቤት እንዳትቀመጪ አለች። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ እናቱ በእጄ የማደርግለት ነገር እንዳለ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። ወተት ገዝቼ አንተክትኬ አፈላሁት። የፕላስቲክ ጆጉን በኦሞ ሙልጭ አድርጌ አጥቤ ገለበጥኩበት፣ ከድኜም ጥግ አስቀመጥኩት። ስከፍተው ላዩ ውሃ፣ ታቹ ድቃቂ፣ ሽታው አፍንጫ የሚያስይዝ ሆኖ ጠበቀኝ። ደገምኩት፤ ያው ሆነ። ባለቤቴ በማንኪያ አማስሎ አየውና፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

በዚያው ሰሞን ልጄ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ሄዶ፣ የላይኛው ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። ማን ሰጠህ ስለው፣ አዮ ሰጡኝ አለኝ። አዮ የሰፈሩ ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጆች እናታቸውን ወይም አያታቸውን የሚጠሩበት ነው። ማን እንዳስተማረው እንጃ። ቅጥል አልኩ።

የሴትየዋ እርጎ በማንኪያ ሲነካ የሚቆረጥ፣ የወይራ ጢስ ጢስ የሚል ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እጃቸው ነው ይላል። ይህን እጅ የሚሉትን ነገር እጠላዋለሁ፤ የኔ እጅ ምን ጎደለው? ነርሷ ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳ ሊያመጣ ይችላል ያለችኝ ትዝ ሲለኝ፣ አገኘኋት አልኩ። ነጠላዬን ተከናንቤ፣ የተጨነቀች እናት መስዬ ሄድኩና፣ ሰው እንዲህ ይላል ብዬ በትሕትና ነገርኳቸው። እሳቸው ምንም ሳይከፋቸው፣ ልጃቸው ተማሪ ሳለ ነግሯቸው አፍልተው ማርጋት ከጀመሩ መቆየታቸውን አጫወቱኝ። ከፈላ በኋላ እስኪበርድ ይተውታል፤ ከትናንቱ እርጎ ጥቂት እርሾ ጠብ ያደርጉበትና በወይራ በታጠነ ቅል ያኖሩታል። ቅሉን ሳሙና አያስነኩትም። አሠራሩን ሁሉ ሳይሰስቱ ነገሩኝ። እኔ ግን ልማር ስላልሄድኩ ግማሹን አልሰማኋቸውም።

በሌላ ቀን ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ቅሉን እንዲያውሱኝ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። በእነሱ ቤት ወግ፣ ላም በበረት እያለች የወተት ዕቃ ከቤት አይወጣም፤ ከወጣ ላሟ ትነጥፋለች ይባላል። "ቅሉ አይወጣም ልጄ፣ ኢልማ ኮን ግን ላኪልኝ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፣ የኔኑ ልጅ። ቅላቸውን ሰስተው ልጄን መውሰዳቸው ቀኑን ሙሉ ሲያበግነኝ ዋለ።

ከዚያ ያ ነሐሴ መጣ። አዲስ አበባ ወደ እኛ ትሰፋለች፣ የገበሬው መሬት ማስተር ፕላን ውስጥ ይገባል በሚል የተነሳው ተቃውሞ ከርሞ፣ ፕላኑ ቀርቷል ቢባልም ቁጣው አልቀረም ነበር። መንገዱ በድንጋይና በጎማ ይዘጋል። ሚኒባስ የለም። ሱቃችንን ዘግተን እቤት ተቀመጥን። ወተት ሰብስቦ ወደ ከተማ የሚወስደው መኪናም መምጣቱን ተወ። በዚህ ላይ ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ ክርስቲያኑ ልጅ አዋቂ ሳይል ይጾማል፤ ላም ግን ፍልሰታ አታውቅም፣ ጠዋትም ማታም ትታለባለች። እንደ ሰፈራችን ልማድ የጾም ወተት ለሙስሊም ጎረቤት ልጆች ነው። ሌላ ጊዜ ለብዙ ልጆች ይዳረሳል። በዚያ ዓመት ብዙዎቹ ሙስሊም ነጋዴዎች መንገዱ ሳይዘጋ ልጆቻቸውን ይዘው አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ስለሄዱ፣ የላሞቹ ወተት ሁሉ እየረጋ የኔን ልጅ ይጠብቅ ጀመር።

ልከልክለው አልኩ። ግን እንዴት ልከልክለው? መንገድ ተዘግቷል፣ ፋርማሲው ተዘግቷል፣ ያ ሲር ሲር የሚለው ትንፋሽ ቢነሳበት ወዴት ይዤው እሄዳለሁ? በየጠዋቱ ጆሮዬን ጀርባው ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ። ዝም። ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ውጭ ጭቃ ያቦካል፣ ይመለሳል። ዝናቡ እየወረደ፣ ብርዱ አጥንት እየገባ፣ የልጄ ደረት ያን ክረምት ሳይነካ ወጣ። አልሀምዱሊላህ አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት። ወዲያው ደግሞ፣ ለምን በሳቸው እጅ አልኩ።

ባለቤቴ ሰው በተሰበሰበበት፣ እርጎው ነው ያዳነው፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ማለት ይሄ ነው አለ። እኔ፣ ልጁ አንድ ዓመት አድጓል፣ ታክሲ አልተሳፈረም፣ የሚያስነጥስበት ሰው የለም፣ ለዚያ ነው አልኩ። እውነትም ሊሆን ይችላል፤ ዛሬም ቢሆን የትኛው እንደሆነ በእርግጥ የሚነግረኝ የለም። ባለቤቴ ግን እያየኝ ሳቀብኝ። የቅርብ ጎረቤት የተባለችው ነገር አንዳንዴ ከልክ በላይ ትቀርባለች አልኩና ወደ ጓዳ ገባሁ።

ዝናቡ ሲያባራ ላሞቹ ተሸጡ። አብዛኛው የግጦሽ መሬታቸው ድሮ ተወስዶ ታጥሮባቸዋል፤ በቀረችው ቁራሽ ላይ ደግሞ ነገ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሁሉም ኦቦ እያለ የሚያከብራቸው ባለቤታቸው፣ ሳይወሰድብኝ ልሽጥ ብለው ወደ መናገሻ በኩል አስነዷቸው። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ ሳይ ደስ አለኝ። ለሰው የማይነገር ደስታ ነው፣ ግን ደስ አለኝ። ከእንግዲህ ልጄን የሚጠራብኝ ነገር እዚያ ግቢ የለም ብዬ ነበር።

በማግስቱ ሴትየዋ ቅሉን ታቅፈው ደጄ ላይ ቆሙ። ውስጡ ለእርሾ የሚሆን ጥቂት እርጎ አስቀርተውበታል። ዓይናቸው ደረቅ ነበር፣ ድምፃቸው ግን ሰልሏል።

"አሁን ይውጣ፤ ላም የለም። ልጁ የለመደው እንዳይቀርበት" አሉኝ።

እርጎዋን በኩባያ አስቀምጠው፣ ቅሉን በፍል ውሃ ለቅለቅ አድርገው፣ የወይራ ፍም አስመጥተው እንዴት እንደሚታጠን እዚያው ደጄ ላይ ቁጭ ብለው አሳዩኝ። በዚህኛው ጊዜ አንድም ቃል ሳላስመልጥ ሰማኋቸው። አመሰገንኳቸው። ለራሴ ግን ቅሉ የኔ ሆነ እያልኩ ነበር።

ወተቱን ከሌላ ሰው እየገዛሁ፣ እያፈላሁ፣ እያበረድኩ አረጋሁ። ረጋ። በማንኪያ ሲነካ የሚቆረጥ፣ የወይራ ጢስ የሚል እርጎ ወጣኝ። ባለቤቴ ቀምሶ የሳቸው ነው ወይ ሲለኝ፣ የኔ ነው ያልኩበትን ድምፅ ሱቅ የገባ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። የሚቀጥለው ክረምት ሲመጣ ልጄ አፍንጫው ትንሽ ፈሰሰና አለፈለት። በኔ ወተት፣ በኔ እጅ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ልጁ ግን አሁንም በአጥሩ ቀዳዳ ይሾልካል። በረቱ ባዶ ነው፣ ወተት የለም፣ የሚላስ የሚቀመስ ቢኖር የገብስ ቆሎ ነው። እዚያ ደጃፍ ላይ ከሴትየዋ ጎን ተቀምጦ በኦሮምኛ ሲያወራ ይውላል። እኔ ኦሮምኛ አውቃለሁ፣ ግን የኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ስንት ነው፣ ቀንሺ፣ ጨምሪ። እሱ በዚያ ቋንቋ የሚስቀው ሳቅ እኔ ቤት ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። ስጠራው ዘግይቶ ይመጣል፣ ከመጣም ፊቱ ወደዚያው ነው። ለካ ሳደባበት የከረምኩት እርጎ ምንም አላደረገኝም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኩባያ ይዞ ጓዳ ድረስ መጣ።

"እማ፣ ለአዮ እርጎ ስጪኝ። ክፉኛ እያሳላቸው ነው።"

"እሳቸው ይጾማሉ፣ አይጠጡም" አልኩት፤ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

"ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው። የሚጾሙት ረቡዕና ዓርብ ነው" አለኝ።

የኔ ልጅ፣ በረመዳን ስንት ቀን እንደቀረ እኔን የሚጠይቀኝ ልጅ፣ የሳቸውን የጾም ቀን በቃሉ ይዞላቸዋል። ቅሉን ከተሰቀለበት አወረድኩና ኩባያውን ተቀበልኩት። እሱ በር ላይ ቆሞ ዓይኑን ከእጄ ሳይነቅል ሲጠብቀኝ ቀዳሁለት። እስከ አፉ ግን አልሞላሁትም።